ልዩ ምልከታ

ጠዋት አሥራ ሁለት፣ ማታ አሥራ ሁለት፣
ጥቁር ውኃ ዳር፣ ከቄጠማው ፊት
ቁጥር የተጻፈበት ነጭ ብረት አለ፤
ግማሹ የሰጠመ፣ ግማሹ የዋለ
ፀሐይ ላይ።
እሱን ማንበብ ነው ሥራዬ።
«ሐይቁ ዛሬ የት ደረሰ?» ለሚል መሥሪያ ቤት
በእስክርቢቶ መልስ መስጠት።

አቶ ካያሞ ጡረታ ሲወጡ
ቦቲውን፣ መዝገቡን እጄ ላይ ሲሰጡ፣
የገጹን ዳር ዐምድ በጥፍር አሳይተው
«ይቺ ያንቺ ናት» አሉኝ፤ ሄዱ ይህን ብቻ ትተው።
በላይዋ የተጻፈው፦ «ልዩ ምልከታ»።
ሐምሌም ነሐሴም አለፉ፣ እሷ ባዶዋን ተኝታ።

መስከረም ላይ አንድ ማለዳ ጭቃው ተራመደ፤
ዐይኔን አሸት አድርጌ ባይ፣ ጭቃው ሮጦ ሄደ።
ወፍ ነው ለካ፤ ቀለሙ የጭቃ፣
እግሩ የክብሪት እንጨት፣ ሌሊቱን በርሮ አሁንም የነቃ።

ስሙን ጠየቅሁ። ዓሣ አጥማጁ ባራሳ
መረቡን እየፈታ፣ አንገቱን ሳያነሳ፦
«ወፍ ነዋ! ሲሻው የሚመጣ፣ ሲሻው የሚያመልጥ፤
ስም ምን ያደርግለታል፣ ለማይበላ፣ ለማይሸጥ?»

ስለዚህ እኔ አወጣሁ። ጭራዋ ዕረፍት የነሳት
«ነቅናቂት» ሆነች። ያ ትንሹ፣ ጭቃውን እንደ ሲንጀር መርፌ የሚወጋት፣
«ልብስ ሰፊ»። ጥቁር ካባ ደርቦ፣
በቀይ ገምባሌ ውኃ መሐል የሚቆመው፣ አንገቱን ሰብቆ፣
«ዳኛው»።
መስከረም ሃያ፦ ነቅናቂት ሰባት፣ ዳኛ ሁለት።
ኅዳር አሥራ ሁለት፦ ከመቶ በላይ። ጭልፊት አስነሣብኝ፣ ጠፋኝ ቁጥሩ።

ጥር ላይ ሐይቁ ሸሸ፤ ብረቱ ታየ እስከ ጉልበቱ።
ሊጠጡ የወረዱ ከብቶች ዳሩን ወቅተው ወጡ፤
በያንዳንዱ ኮቴ ፈለግ እፍኝ ውኃ፣
በያንዳንዱ እፍኝ ውኃ ልብስ ሰፊ።
ለባራሳ ጉድለት ነው፣ ጀልባው ደረቅ ላይ ቀረ፤
ለነሱ ግን ድግስ ነው፣ ገበታው ጨመረ።

መጋቢት ላይ ግራጫው ላባ ዝገት ሆነ፣
ደረታቸው ወፈረ፣ እንቅልፋቸው ባነነ።
ሚያዝያ አሥራ አራት፣ ማታ፣ ወደ ብረቱ ስጠጋ
አንዱ አፏጨ፤ ሌላው መለሰ፤ ዳሩ እንዳለ ተነሣ፣
በታቦር አናት ዞሮ ወደ ሰሜን።
እጄ የያዘውን እስክርቢቶ ረሳ።

ግንቦት ላይ ተቆጣጣሪው አቶ ምንውዬለት መጡ።
«‹ዳኛ ሁለት› ምንድን ነው? ፍርድ ቤት ነው እንዴ?»
ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ገጽ ገልጠው ገልጠው
ያቺን ማታ አገኟት፤ የውኃ ቁመት የላትም።
«ስሚ፣ ሐይቁ ቢደርቅ ዜሮ ይጻፋል፤ ዜሮ ቁጥር ነው።
ባዶ ግን ሰው አልነበረም ማለት ነው።»

ነበርሁ።
እንዴት እንደነበርሁ በየትኛው ዐምድ ልሙላው?

ከዚያ ወዲያ፦ ወፍ፣ ዜሮ። ወፍ፣ ዜሮ።
ሰኔ ሦስት አንድ ዳኛ አየሁ፣
ክንፉን እንደ ተሰበረ ጃንጥላ የሚጎትት።
አንድ። ሐምሌን ሙሉ አንድ።
ውኃው እየገፋ ወደ መንገዱ ሲያስጠጋው
ባራሳ እንኳ መጠየቅ ጀመረ፦ «ያ ሰውዬሽ አለ?»
ከመረቡ ቁራጭ ዓሣ ወረወረለት።
«ዓሣ አይበላም» አልሁት።
«አውቃለሁ» አለኝ።

ነሐሴ ሃያ አንድ። ቄጠማው ከቁመቴ በላይ። ጉም።
ፉጨት ሞከርሁ፤ መልስ የለም።
ዜሮ ልጽፍ ቀለሙ ወረቀት ነካ፤ እጄን ሰበሰብሁ።
አላየሁትም እንጂ፣ እንደሌለ በምን ዐወቅሁ?
ባዶ ተውኳት።

መስከረም፣ ጠዋት አሥራ ሁለት። ጭቃ ገና አልወጣም፣
ውኃው እስከ ቦቲዬ አፍ፤ የሚቆሙበት የለም።
አንዲት ነቅናቂት ግን
ብረቱን ታክኮ በቀረ የቄጠማ እስር ላይ ቆማለች፤
ሐይቁ የደረሰበትን ቁጥር ከልላ
ጭራዋን ትነቀንቃለች።

መዝገቡን ገልጬ፣
እስክትነሣ ጠበቅሁ።